የላም አንገት ላይ የሚታሰር ሴንሰር፦ አዳማ ላይ የሞከረ አለ?

የቦኩ ወተት | ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 3፡10
ሰላም ለቤቱ። ቦኩ አካባቢ ከእናቴ ጋር የወተት ላሞች አሉን። ሁሉም የፈረንጅ ዲቃላ ናቸው። ግጦሽ የለንም፤ በረት ውስጥ ታስረው ነው የሚቀለቡት። ውጭ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ለክረምት ሲመጣ አንገት ላይ የሚታሰር ሴንሰር ላምጣላችሁ ብሏል። ላሟ ስትደራ (ኮርማ ስትፈልግ)፣ ስትታመም፣ ማመስኳቷ ሲቀንስ ስልክ ላይ መልእክት ይልካል አሉ። እናቴ «ላሜን እኔ አውቃታለሁ፣ ሰዓት አታስሩባት» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔን ግን ሌሊት የሚያመልጠን ድራት አንገብግቦኛል። አንዷ ከወለደች ወራት አልፏታል፣ እስካሁን ጽንስ አልያዘችም። ሙቀቱም አለ። ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ ምላሳቸውን አውጥተው ያለከልካሉ። የሞከረ፣ ያየ፣ የሰማም ቢሆን ይጻፍልኝ።

ሞጆ መንገድ | ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 3፡22
ዋጋው ስንት ነው? እኔ ራሴ ሰዓት የለኝም፣ ላም ልታስር ነው? ሃሃ።

የከብት ሐኪም | ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 4፡05
የቦኩ ወተት፣ መሣሪያው ተረት አይደለም። ውስጡ እንቅስቃሴ የሚለካ ቺፕ አለ። ስልክህን ስታጋድመው ስክሪኑ የሚዞረው በዚሁ ዓይነት ቺፕ ነው። ላም ስትበላ፣ ስታመሰኳ፣ ስትንጎራደድ የአንገቷ ምት ይለያያል። ጤነኛ ላም በቀን ከ7 እስከ 10 ሰዓት ያህል ታመሰኳለች፣ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ትተኛለች። ሶፍትዌሩ የእያንዳንዷን ልማድ ይይዝና ከልማዷ ስትወጣ ይናገራል። ከጎረቤቷ ጋር አያወዳድራትም፤ ከራሷ ከትናንትናዋ ጋር ነው። እኔ የምወድለት ይህንን ነው። ማመስኳት ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ወተቱ ከመጉደሉ፣ ዓይንም ከማየቱ በፊት ነው። በተለይ ከወሊድ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት አደገኛ ናቸው። የወተት ትኩሳት፣ የእንግዴ ልጅ መቅረት፣ የማህፀን ቁስለት የሚመጡት ያኔ ነው።

ድራትም እንዲሁ ነው። ኮርማ የፈለገች ላም ዕረፍት የላትም፣ ሌሎቹ ላይ ትወጣለች፣ ማመስኳት ትረሳለች። ዑደቱ በአማካይ 21 ቀን ነው። አንዱ ሲያልፍህ የሦስት ሳምንት ቀለብ አብሮ ያልፋል።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። ታስረው ነው የሚውሉት ብለሃል። በገመድ የታሰረች ላም የት ትንጎራደድ? ማን ላይስ ትውጣ? መሣሪያው የማመስኳቱን መቀነስና መቁነጥነጡን ያይ ይሆናል እንጂ ሙሉ ምልክቱን አያገኝም። በዚያ ላይ የብዙዎቹ ስሌት የተሠራው በረታቸው ውስጥ እንደልባቸው በሚንቀሳቀሱ የሆልስታይን ላሞች ላይ ነው። የቦረና ደም ያለባት ዲቃላ ድራቷ አጠር ይላል፣ ድብቅም ነው። እኔ ብሆን ምንም ሳልገዛ ጥዋትና ማታ ፈትቼ ግቢ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እለቃቸዋለሁ። አንዷ ሌላዋ ላይ ስትወጣና የታችኛዋ ዝም ብላ ስትቆም ታያለህ። የደራችው የታችኛዋ ናት።

የቦኩ ወተት | ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 4፡20
ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግቢው ጠባብ ነው፣ ግን ሁለት ሁለት እያደረግሁ እሞክራለሁ። የማትይዘዋስ? ኮላሩ፣ አንገት ላይ የሚታሰረው፣ ይረዳታል?

የከብት ሐኪም | ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 4፡31
ኮላር ከሲታ ላምን አያስደራም። ጀርባዋን ዳስሰው። አከርካሪዋና የዳሌ አጥንቷ ሹል ሆኖ እጅህን ከወጋህ የጎደላት ምግብ ነው። ከወለደች በኋላ ወተቱ የሚወጣው ከገዛ ሥጋዋ ነው፤ ሥጋዋ ሲያልቅ ዑደቱ ይቆማል። ፉርሽካና ፋጉሎው ስንት እንደሆነ፣ ድርቆሽ ይኑራት አይኑራት ጻፍልኝ። ማህፀኗንም ሐኪም ይመርምራት።

ሽቦና ብየዳ | ግንቦት 5፣ ከጥዋቱ 1፡40
ከቴክኒኩ በኩል ልጨምር። ኮላሩ ብቻውን ጌጥ ነው። መረጃውን የሚቀበል ጣቢያ በረቱ አጠገብ መተከል አለበት። ጣቢያው መብራትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። ሶፍትዌሩ ደግሞ በብዙዎቹ ዘንድ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈልበታል፣ ያውም በውጭ ምንዛሬ። ያገለገለ ከሆነ በድሮው ባለቤት አካውንት ተቆልፎ ሊመጣም ይችላል። መብራት ሲጠፋ ጥሩዎቹ ለሰዓታት መረጃውን ውስጣቸው ይይዛሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ዘመድህ ሻንጣውን ሳይዘጋ የሞዴሉን ስም አስልክና እኔ አይልሃለሁ። ጣቢያው ሳይኖር አንገት ማሰሪያው ብቻ መጥቶ መሳቢያ ውስጥ የቀረ አይቻለሁ።

የሙቀቱን ነገር ግን እዚሁ መሥራት ይቻላል። ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ትንሽ ቺፕ፣ ማይክሮ ኮንትሮለር፣ ሲም የሚቀበል ሞደም፣ አንድ ባትሪ። ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ ኤስኤምኤስ ይልካል። ለዶሮ ቤት ሠርቼ ይሠራል። ለላም ቁጥሩ ስንት ላይ ይሁን? ሐኪሙ ይንገሩን።

የከብት ሐኪም | ግንቦት 5፣ ከቀኑ 6፡15
ሙቀትና እርጥበት ተጣምረው የሚሰሉበት ቀመር አለ። ዲግሪውን በ1.8 አባዝተህ 32 ደምርበት። ከዚያ ላይ የእርጥበቱን ቅናሽ ታነሳለህ፤ ሙሉውን በውስጥ እልክልሃለሁ። ብዙ የምትታለብ ላም ውጤቱ 68 አካባቢ ሲደርስ መጨነቅ ትጀምራለች፤ 72ን ሲያልፍ የሌሎቹም መብል ይቀንሳል። 28 ዲግሪና 40 በመቶ እርጥበት 74 ይሰጣል። 30 ዲግሪና 50 በመቶ 78 ይሆናል። አዳማ ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ ስንት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ቺፑን ቆርቆሮው ሥር አትስቀለው። በላሟ ጀርባ ቁመት፣ ላሟ ከማትደርስበት ምሰሶ ላይ ይሁን። የምትተነፍሰው እዚያ ያለውን አየር ነው።

እስከዚያ ስልክህ ይበቃል። ደቂቃ ቆጣሪውን ክፈትና የጎኗን ከፍ ዝቅ ቁጠር። በደቂቃ ከ60 ካለፈ ሞቋታል። አፏን ከፍታ ምላሷን ካወጣች ደግሞ በጣም አልፏል፤ አንተ የጻፍከው ይኸኛውን ነው።

ሞጆ መንገድ | ግንቦት 5፣ ከቀኑ 7፡02
አንድ ነገር ልናገር፣ ቁም ነገር ነው። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የንፋስ ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋዋት ናቸው። 204 ሜጋዋት የሚያመነጭ ንፋስ ደጃችን ላይ አለ ማለት ነው። እኛ በረቱን በአራቱም በኩል በቆርቆሮ ዘግተን፣ ጣሪያውን ሰው ቁመት ላይ አድርገን፣ «ላሞቹ ለምን ሞቃቸው?» ብለን ውጭ አገር ሴንሰር እናዛለን። የቦኩ ወተት፣ እውነት ተናገር፣ የእናንተ በረት ስንት መስኮት አለው?

የቦኩ ወተት | ግንቦት 5፣ ከቀኑ 7፡30
በሩ ብቻ ነው። ሌባ ፈርተን ነው ወንድሜ።

ሞጆ መንገድ | ግንቦት 5፣ ከቀኑ 7፡33
አላልኩም?

የጥጃ እናት | ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 1፡50
ልጆቼ፣ ሌባ ፍርሃቱ እውነት ነው፣ ልጁን አትቆጡት። እኔ ቤት ከወገብ በላይ ቆርቆሮውን አንስተን የብረት ፍርግርግ አስበየድን። ሌባ አይገባም፣ ንፋስ ይገባል። የጥጆቹን ጥግ ግን ዝግ አድርገናል፣ የሌሊት ብርድ ለጥጃ አይሆንም። ፀሐይ የሚያጠቃው በኩል ላይ የኬሻ መጋረጃ አለ፣ ከሰዓት በኋላ እናወርደዋለን።

ስለ ሴንሰሩ እናትህ እውነቷን ነው፣ አንተም እውነትህን ነው። እኔ ላሞቼን በዓይኔ አውቃለሁ፤ ግን ሌሊት ተኝቻለሁ። ለዚያ እኔ የጭራዋ ሥር ላይ ቀለም እቀባለሁ። የከብት ቀለም አለ፤ ሲጠፋ የኖራ ቀለምም ይሠራል። ማታ ቀብቼ ጥዋት ተፍቆ ካገኘሁት ሌላዋ ወጥታባታለች። ይኸው የእኔ ሴንሰር። ለዚህ ግን መፈታት አለባቸው፣ ዶክተሩ እንዳሉት። ደግሞ ደብተር ያዙ። የተወለደችበት፣ የተዳቀለችበት፣ የታመመችበት ተጽፎ ካልተያዘ ስልኩም አያውቀውም።

ፍራንኮ | ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 2፡15
እሺ፣ ላሟ ደራች፣ ስልኬ ጮኸ። ቅዳሜ ማታ ነው። ማን ይመጣል? እኛ ሰፈር አዳቃዩ ስልክ የሚያነሳው ሰኞ ነው። ሲመጣም «ዘሩን የሚያቆየው ናይትሮጅን አልቋል» ይላል። የሚጮህ ኮላር ገዝቼ ቅዳሜና እሁድ ከላሟ ጋር አብሬ ልጩህ?

የከብት ሐኪም | ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 2፡48
ፍራንኮ፣ ይህን ከሁሉም አስቀድመን ማንሳት ነበረብን። ጊዜው ጠባብ ነው። ጥዋት ሌላዋ ስትወጣባት ዝም ብላ ቆማ ያየሃትን ከሰዓት፣ ማታ ያየሃትን በማግስቱ ጥዋት ነው የምታስዳቅላት። ቅዳሜ ማታ ታይታ ሰኞ የምትዳቀል ላም ጊዜዋ አልፏል። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት የሁለት አዳቃይ ስልክ ያዝ፣ አንዱ የግል ይሁን። እሁድ የሚመጣ መሆኑን በስልክ ሳይሆን በተግባር አረጋግጥ።

ሌላው መንገድ በመርፌ ድራቱን ቀን አስይዞ ማምጣት ነው። ሥራ ቀን ላይ እንዲውል ማድረግ ይቻላል። ግን መርፌው እርጉዝ ላምን ያስወርዳል። ሳትመረመር ማንም እንዳይወጋት። ዑደት ላይ ያልሆነችዋ ደግሞ ለዚያ መርፌ አትመልስም።

እንስሳ ገበያ | ግንቦት 6፣ ከጥዋቱ 3፡00
[በአወያዩ ተሰርዟል፦ ማስታወቂያ ነው። ስልክ ቁጥር መለጠፍ ክልክል መሆኑን ሕጉ ላይ ጽፈናል። ለሦስተኛ ጊዜ።]

አላቢው | ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 4፡40
እኔ የምጽፈው ከባለቤቶች ወገን አይደለም። ተቀጣሪ ነኝ፣ ላም አልባለሁ። በረት ውስጥ ነው የማድረው።

የምሠራበት ቤት ካሜራ ተገጠመ። ላሞቹን ለማየት ተባለ። ካሜራው የሚያየው ግን በሩንና የእኔን አልጋ ነው። ስንት ሰዓት ተነሳሁ፣ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ወተት ሳልቀዳ ጠጣሁ አልጠጣሁ፣ ይህ ነው የሚታየው። ላሟ የተኛችበት ጥግ ጨለማ ነው፣ አይታይም። ባለፈው አንዷ ሌሊት ምጥ ያዛት። የጥጃው አንድ እግር ወደ ኋላ ተቀልብሶ ነበር። ካሜራው ይቀርጽ ነበር፣ ያየ ግን ማንም የለም። እጄን ታጥቤ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ሁለቱ ላይ ኮላር አስረዋል። መልእክቱ አሠሪዬ ስልክ ላይ ነው የሚመጣው። እሱ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ጥዋት ቁርስ ሲበላ ያየዋል፣ ከዚያ ይደውላል፦ «ሁለት ቁጥር መብላት ቀንሳለች ይላል፣ እያት»። እኔ ማታ አይቻታለሁ። ጆሮዋ ቀዝቅዞ ነበር፣ ድርቆሹን ገፍታዋለች። ልነግረው ስደውል ሥራ ላይ ነበር፣ አላነሳም።

መሣሪያውን አልጠላሁትም። አንድ ቀን እኔ ያላየሁትን አሳይቷል፣ ልዋሽ አልችልም። መልእክቱ ግን ላሟ አጠገብ ላለው ሰው ይምጣ። የእኔ ስልክ ትንሽ ናት፣ ኤስኤምኤስ ግን ታነባለች።

የጥጃ እናት | ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 4፡58
እጅህ ይባረክ ልጄ። ሌሊት ተነስቶ ጥጃ የሚያተርፍ ሰው እንዲህ አይደረግም።

ሽቦና ብየዳ | ግንቦት 7፣ ከጥዋቱ 1፡15
አላቢው፣ ይህ ቀላል ነው። አብዛኞቹ አፖች ከአንድ በላይ ተጠቃሚ ይቀበላሉ። አሠሪህ ቁጥርህን ይጨምር፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ካሜራውንም ወደ መውለጃው ጥግ ማዞር ብሎን መፍታት ነው። የሌሊት ካሜራዎቹ በጨለማ የሚያዩበት የራሳቸው ብርሃን አላቸው፤ ላሟን አይረብሻትም።

ፍራንኮ | ግንቦት 7፣ ከጥዋቱ 1፡32
አምስት ደቂቃው አይደለም ችግሩ። አሠሪው ይፈልጋል ወይ ነው። ካሜራ የሚገዛው ላም ለመጠበቅ ነው ወተት ለመጠበቅ? እኛ አገር መልሱ ይታወቃል።

ሐዋሳ ነኝ | ግንቦት 7፣ ከቀኑ 5፡20
ከሐዋሳ ሰላም። ውሃ የሚረጭ ነገር ለመግጠም ለምታስቡ አንድ ማስጠንቀቂያ። እኛ ሰፈር ሐይቁ ቅርብ ነው፣ አየሩ እናንተ ጋ ካለው ይረጥባል። የጎረቤቴ በረት ውስጥ ጉም የሚመስል ደቃቅ ርጭት ተገጠመ። አየሩ ታፈነ፣ ጉዝጓዙ ረጠበ፣ ብዙም ሳይቆይ የጡት በሽታ መጣ።

የከብት ሐኪም | ግንቦት 7፣ ከቀኑ 6፡44
ትክክል ነው። ላምን የሚያቀዘቅዘው አየሩን ማርጠብ አይደለም። ቆዳዋ እስኪርስ ድረስ ተለቅ ባለ ጠብታ ጀርባዋን ታርሳለህ፣ ታቆማለህ፣ ንፋስ ያደርቀዋል። መልሰህ ታርሳለህ። የመመገቢያው ገንዳ አጠገብ ይሁን እንጂ መተኛው ላይ አይሁን። በአዳማ ደረቅ ወራት ይህ በደንብ ይሠራል፣ ንፋሱም በነጻ ነው። ክረምት ሲገባ ቀንስ።

ጉዝጓዝ ከተነሳ፦ ሞቃት ቀን ላም መተኛት ትታ ትቆማለች። ቆማ ነው ሙቀት የምታወጣው። ሊሾ ላይ ቆማ ስትውል ሰኮናዋ ይጎዳል፤ ማንከሱ ግን የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ማንም ከሙቀቱ ጋር አያያይዘውም። ኮላርና እግር ላይ የሚታሰረው ቆጣሪ የመተኛ ሰዓትን ማሳየታቸው ለዚህ ይጠቅማል። ያለ መሣሪያ ከፈለግህ ደግሞ ላሟ በምትተኛበት ቦታ በጉልበትህ ተንበርከክ። ጥቂት ቆይተህ ካመመህ እሷንም ያማታል። ሱሪህ ከረጠበም እንዲሁ።

ሞጆ መንገድ | ግንቦት 7፣ ከቀኑ 7፡10
ተንበርክኬ ሞከርኩ። ሚስቴ «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ።

የወንጂ ልጅ | ግንቦት 7፣ ከምሽቱ 12፡30
ስለ ጡት በሽታ መሣሪያ የሚያውቅ አለ? ወተቱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚለካ ነገር አይቼ ነበር።

የከብት ሐኪም | ግንቦት 7፣ ከምሽቱ 2፡05
አለ። ግቱ ሲቆስል ከደሟ ጨው ወደ ወተቱ ይገባል፣ ጨው የገባበት ወተት ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል። ትልልቆቹ ማለቢያዎች ይህን ለእያንዳንዱ ጡት ለየብቻ ይለካሉ። ኔዘርላንድስ ውስጥ በፈረንጆች ከ1992 ጀምሮ እየለካ የሚያልብ ሮቦት አለ። የእጁ መለኪያ ግን ብቻውን ብዙ ያሳስታል። ለእናንተ አራት ጎድጓዳ ያለው ሳህንና ፈሳሹ፣ ሲኤምቲ የሚባለው፣ ይሻላል። ከየጡቱ ትንሽ ታልባለህ፣ ፈሳሹን ጨምረህ ታሽከረክራለህ። እንደ ንፍጥ ከወፈረ በሽታው ገና ሳይታይ ይዘኸዋል። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቅ። ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣውን ወተት መሬት ላይ አታፍስስ፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ አልበህ እየው።

የጥጃ እናት | ግንቦት 7፣ ከምሽቱ 2፡40
እኔ የምወደውን መሣሪያ ልንገራችሁ። ልጄ ያመጣችልኝ ነው፣ ባትሪ የለውም፣ እንደ ትንሽ መነጽር ነው። የእንገሩን አንድ ጠብታ መስታወቱ ላይ አድርጌ ወደ ብርሃን አየዋለሁ። ከ22 በላይ ካነበበ እንገሩ ወፍራም ነው፣ ለጥጃዋ ይበቃታል። ካነሰ ጥሩ እንገር ካስቀመጥኩት በረዶ ቤት አውጥቼ በሞቀ ውሃ አቀልጣለሁ። እሳት ላይ አይሆንም፣ ይበላሻል። ጥጃ ስትወለድ በሽታ የሚከላከልላት ነገር ደሟ ውስጥ የለም። ከእንገሩ ነው የምታገኘው፣ ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ አንጀቷ አያሳልፈውም። የክብደቷን አንድ አሥረኛ ያህል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጠጣት አለባት።

ጎረቤት «እንገር ቅመሱ አትሉንም?» እያለ ይመጣል። ደንቡ ነው፣ እኔም እወዳለሁ። ጥጃዋ ሳትጠግብ ግን አንድ ማንኪያ አይወጣም። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ የማር መለኪያውን እንዳይሸጡላችሁ። መልኩ አንድ ነው፣ የማሩ ግን ከ50 በላይ ነው የሚጀምረው። ለእንገር አይሆንም።

የቦኩ ወተት | ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 1፡20
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለእናቴ እያነበብኩላት ነበር፤ እትዬ የጥጃ እናት፣ የእርስዎን ስትሰማ «ይህችን ሴት አምጣልኝ» አለች። የአጎቴን ልጅ ኮላሩን ተወው፣ የእንገር መለኪያና የጭራ ቀለም አምጣ ብዬዋለሁ። ትንሽ ቅር ብሎታል፣ ለሰው አውርቷል መሰለኝ። ፍርግርጉን ለማስበየድ እናቴ ተስማምታለች፣ በሁለት በኩል ብቻ። ሽቦና ብየዳ፣ የሙቀቱን ቺፕ ትሠራልኛለህ?

ሽቦና ብየዳ | ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 1፡45
እሠራለሁ። አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አለኝ፦ የውሃ ቆጣሪ። ቤት የሚገጠመው ተራው ቆጣሪ። ወደ መጠጫው ገንዳ በሚሄደው ቧንቧ ላይ እንግጠመው፣ ጥዋትና ማታ ቁጥሩን ጻፍ። መጠጣት ሲቀንሱ ቶሎ ታውቃለህ።

የከብት ሐኪም | ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 2፡10
በጣም ጥሩ ሐሳብ። ወተት 87 በመቶው ውሃ ነው። የምትታለብ ላም በሙቀት ጊዜ በቀን 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ጥዋትና ማታ በባልዲ የምትሰጧት ከሆነ ግማሹንም አታገኝም። ገንዳው ቀኑን ሙሉ ይሙላ፣ ጥላ ሥር ይሁን። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ፍሎራይዱን አስመርምሩ፤ የስምጥ ሸለቆው ውሃ የሰውን ጥርስ እንደሚያበላሽ የከብትንም ያበላሻል።

የወንጂ ልጅ | ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 2፡18
ጥርሴን ያየ ያውቃል።

ሽቦና ብየዳ | ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 2፡30
የቦኩ ወተት፣ ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ቆጣሪውን አንተ ግዛ፣ የግማሽ ኢንች ይሁን። መሰላል አላችሁ?

የቦኩ ወተት | ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 2፡34
ከጎረቤት እንዋሳለን። ውሻ አለ፣ ሳትደውል እንዳትገባ።